ወታደርነቱን ፈርሜ ገባሁ፤ አሁን መውጣት ፈለግሁ፦ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ስላሉ ልጆቻችን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዲቪ ከቤተሰቤ ጋር አሜሪካ ስገባ 18 ዓመቴ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ፓርኪንግ ሎት ላይ ቲኬት እየቆረጥኩ አንድ ዓመት ሠራሁና አርሚ፣ ማለትም ምድር ጦር፣ ገባሁ። ቤዚክ ትሬኒንግ፣ ማለትም መሠረታዊ ሥልጠና፣ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት መውጣት ፈለግሁ። አልወጣሁም። አራት ዓመቴን ጨርሼ በክብር ተሰናበትኩ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ አያርፍም። የጓደኛ ወንድም ይደውላል። የማላውቃት እናት ቁጥሬን ከቤተ ክርስቲያን አግኝታ ትደውላለች። ጥያቄው ይመሳሰላል፦ "ልጅ ሆኜ ነው የፈረምኩት። አሁን መውጣት እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?"

መልሶቹን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። በብዛት የማወራው ስለ አርሚ ነው። ሌሎቹም የጦሩ ክፍሎች በመሠረቱ ይመሳሰላሉ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ደንቡም ይቀያየራል። መውጫው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ግን ዕድሜ ልክ የሚከተል የስንብት ወረቀት ያስይዛል። ስለዚህ ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ።

ፈርሜያለሁ፣ ምያለሁ፤ ግን ገና ቤዚክ አልሄድኩም። ሐሳቤን መቀየር እችላለሁ?

ትችላለህ። ከሁሉም የሚቀለው በር ይኼ ነው። ብዙ ልጅ ግን በሩ ክፍት መሆኑን አያውቅም።

መጀመሪያ ሜፕስ፣ ማለትም ተመልማዮች የሚመረመሩበትና የሚምሉበት ጣቢያ፣ ሄደህ እጅህን አንሥተህ ስትምል የምትገባው "ዲሌይድ ኢንትሪ ፕሮግራም" ውስጥ ነው። በአጭሩ "ዴፕ" ይሉታል። የመሄጃ ቀንህን እየጠበቅህ ቤትህ የምትቆይበት ጊዜ ነው። ወደ ሥልጠና የምትሄድ ቀን ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ትምላለህ። ንቁ አገልግሎትህ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት "ትቼዋለሁ" ብትል አትታሰርም፣ አትከሰስም።

ሪክሩተሩ፣ ማለትም የመለመለህ ወታደር፣ ግን እንዲህ ላይነግርህ ይችላል። "ፖሊስ ይይዝሃል"፣ "ግሪን ካርድህን ትነጠቃለህ" የተባሉ ልጆች ደውለውልኛል። እውነት አይደለም። ከዴፕ መውጣት የፈለገን ልጅ ማስፈራራት በራሱ በጦሩ ደንብ የተከለከለ ነው።

አጭር ደብዳቤ ጻፍ። ሐሳብህን እንደቀየርህ፣ ከዴፕ መሰናበት እንደምትፈልግ፣ ምክንያትህን በአንድ ዓረፍተ ነገር። ትምህርት ሊሆን ይችላል፣ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ለሪክሩቲንግ ቢሮው የበላይ አዛዥ በአደራ ደብዳቤ ላክ። ቅጂውን አስቀምጥ። ቢሮ ድረስ መሄድ አይጠበቅብህም። አንድ የማውቀው ልጅ "ና፣ ወረቀቱን ብቻ ጨርስ" ተብሎ ሄደ። ሦስት ሰው ከቦ ሁለት ሰዓት ሙሉ አግባባው። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሥልጠና የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ነበር። ልጁ ሰው ፊት "እምቢ" ማለት አይችልም። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው ያደግነው። ለዚያ ነው በደብዳቤ የምለው።

የፈረምከው ናሽናል ጋርድ (የስቴት ጦር) ወይም ሪዘርቭ (ተጠባባቂ ጦር) ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ ገና ከመጀመሪያው መሐላህ ጀምሮ አባል ነህ። ደብዳቤ ከመጻፍህ በፊት ታች ወደ ጠቀስኩት ቁጥር ደውል።

ወንድሜ ቤዚክ ላይ ነው። ደውሎ አለቀሰ። አውጡኝ ይላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለይተሽ ጠይቂው። "ደክሞኛል" እያለ ነው ወይስ "ራሴን ላጥፋ" እያለ ነው? ሁለተኛው ከሆነ ቀን አትቁጠሪ። ለድሪል ሳርጀንቱ (ለአሠልጣኙ) ወይም ለቻፕላኑ፣ ማለትም ለጦሩ ቄስ፣ አሁኑኑ እንዲናገር ንገሪው። 988 ደውሎ 1 ቁጥርን ሲጫን የወታደሮች የችግር መስመር ያገኛል። አንቺም መደወል ትችያለሽ።

የመጀመሪያው ከሆነ ደግሞ ልንገርሽ። እኔ ፎርት ጃክሰን፣ ሳውዝ ካሮላይና ነበርኩ። ሌሊት ሌሊት በየተራ አንድ አንድ ሰዓት "ፋየር ጋርድ" እንጠብቃለን። ስድሳ ልጅ በተኛበት አዳራሽ በካልሲ እየዞርክ፣ ባትሪ ይዘህ፣ የተኛውን ትቆጥራለህ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስቆጥር አርባ አካባቢ ደረስኩና ጠፋብኝ። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ጠፋብኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጉልበቴ አብጧል፣ እንግሊዝኛው በፍጥነት ሲወራ አልሰማም፣ ከአምስት ሰዓት በላይ አልተኛሁም። በዚያች ሰዓት ወረቀት ቢሰጡኝ ሳላነብ እፈርም ነበር። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ግን ስሜቱ አልነበረም። ለሁሉም እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ግን እንቅልፍ ባጣ ሰው ጭንቅላት የተወሰነ ውሳኔ አላምንም።

ለመውጣት የቆረጠ ደግሞ መንገድ አለው። "ኢንትሪ ሌቭል ሴፓሬሽን" ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ ያለ ሠልጣኝ ከውትድርና ሕይወት ጋር መላመድ ካቃተው አዛዡ ሊያሰናብተው ይችላል። ለረጅም ዓመታት 180 ቀን ተብሎ ሲሠራበት ኖሯል። አሁን ስንት ቀን እንደሆነ በጊዜው ይጠየቅ። መብት አይደለም፤ ፈቃዱ የአዛዡ ነው። እንዲህ የወጣ ሰው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ክብርም ውርደትም አይልም፤ ያልተመደበ ነው። ሥራ ለማግኘት አይከለክልም። ለቀድሞ ወታደር የሚሰጠውን ጥቅም ግን አይሰጥም ማለት ይቻላል። ለዜግነት ማመልከቻ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ንገሪው፦ የሌለ በሽታ እንዳይፈጥር፣ "ስገባ ዋሽቼ ነበር" ብሎም የሌለ ነገር እንዳይናገር። ሲፈርም የዋሸ ሰው በማጭበርበር ገብቷል ተብሎ ሊሰናበት ይችላል፤ ያ ወረቀት ከዚህኛው ይከፋል።

አራት ዓመት ፈርሜ ሁለቱን ጨርሻለሁ። "ሥራውን ጠልቼዋለሁ" ብዬ መልቀቅ እችላለሁ?

አትችልም። እዚህ የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ሰጥቶ መውጣት የለም። እንዲያውም ኮንትራትህን በደንብ ብታየው የፈረምከው ለስምንት ዓመት ነው። አራቱን በንቁ አገልግሎት፣ ቀሪውን በተጠባባቂነት። ይኼን ያልነገሩህ እንደሆነ አንተ ብቻ አይደለህም፤ እኔም ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው።

ግን "ጠልቼዋለሁ" ከሚለው በታች ሌላ ነገር አለ። ሁሌም እጠይቃለሁ። አንዱ የጠላው ሳርጀንቱን ነው። አንዱ የጠላው የተመደበበትን ሥራ ነው። አንዷ ደግሞ ሰሜን ኒውዮርክ በረዶ ውስጥ ሐበሻ የሚባል ሳታይ ዓመት ስለሞላት ነው። ለእነዚህ የሥራ ዘርፍ መቀየር ወይም ዝውውር መጠየቅ ይቻላል። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን ወረቀትህን አያበላሽም።

ለመውጣት የተፈቀዱት ምክንያቶች በደንቡ ውስጥ በምዕራፍ ተለይተው ተቀምጠዋል። ወታደሮች "ቻፕተር ወጣ" የሚሉት ከዚያ የመጣ ነው። የቤተሰብ ከባድ ችግር፣ ሕመም፣ እርግዝና፣ የኅሊና ተቃውሞ ከነዚህ መካከል ናቸው። "ቻፕተር ያዝ" የሚልህ ጓደኛህ ግን የትኛውን ምዕራፍ እንደሚል ጠይቀው። በጥፋት የሚያስወጣም ምዕራፍ አለና።

እናቴ ታማለች። በቤተሰብ ችግር መውጣት ይቻላል?

ይቻላል። "ሃርድሺፕ" ይባላል። የእኛ ልጆች በብዛት የሚጠይቁት ይኼን ነው፤ በብዛት የሚወድቅባቸውም ይኼ ነው። የሚወድቅበትን ምክንያት ላስረዳ።

ጦሩ የሚያየው ጥቂት ነገር ነው። ችግሩ የመጣው ወይም የባሰው ከገባህ በኋላ ነው? ጊዜያዊ ነው ወይስ የሚቆይ? አንተ ብትወጣ በእርግጥ ይቃለላል? ሌላ መንገድ ሞክረሃል? "እናቴ ታማለች፣ እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ" ለእኛ ሙሉ መልስ ነው። ለእነሱ አይደለም። "እህትህስ? አጎትህስ?" ይላሉ። እህትህ ሌላ ስቴት ሦስት ልጅ ይዛ በፈረቃ እንደምትሠራ በወረቀት ማሳየት አለብህ። የሐኪም ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የጎረቤት ወይም የካህን ምስክርነት ያስፈልጋል። አማርኛ ሰነድ በትክክል ይተርጎም።

አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላለ ቤተሰብ ገንዘብ መላክ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። "ደሞዝህ እኮ እዚህ ሆነህ ነው የሚላከው" ይሉሃል። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን እናትህ አጠገቧ ሰው የምትፈልግ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ከሌለ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው መሰናበት ሳይሆን ቶሎ መድረስ ነው። ለዚያ የአስቸኳይ ፈቃድ አለ። ቤተሰብ ለአሜሪካ ቀይ መስቀል ይደውላል። ቀይ መስቀል ከሆስፒታሉ አጣርቶ ለአዛዡ መልእክት ይልካል። ለቤተሰቦቻችሁ ሙሉ ስማችሁን፣ የትውልድ ቀናችሁን እና የዩኒታችሁን (የጦር ክፍላችሁን) ስም ዛሬውኑ ጽፋችሁ ስጧቸው። አባቱ ሲያርፍ ቤተሰቡ የዩኒቱን ስም ስላላወቀ ሁለት ቀን የባከነበት ልጅ አውቃለሁ። ቀብር አልደረሰም።

ኅሊናዬ መግደልን አልፈቀደልኝም። ይኼን መናገር ይቻላል?

ይቻላል። አንድ ሰው ከገባ በኋላ በማንኛውም ጦርነት ላለመሳተፍ ጽኑ እና እውነተኛ እምነት ካደረበት ማመልከት ይችላል። ሃይማኖታዊ ሊሆን ይችላል፣ የሥነ ምግባርም ሊሆን ይችላል። ቻፕላን ያነጋግረዋል፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግረዋል፣ ጉዳዩን የሚመረምር መኮንን ይመደባል። ወራት ይወስዳል።

"ይኼኛውን ጦርነት እቃወማለሁ፣ ያኛውን ግን አልቃወምም" አይሠራም። ሁሉንም ጦርነት መሆን አለበት። ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ልጅ ቤተ ክርስቲያኑ ከሜኖናይቶች የወረሰችውን የሰላም ትምህርት መጥቀስ ይችላል። ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም የሆነ ልጅም ማመልከት ይችላል። ለሁሉም ግን የሃይማኖት ስም ብቻውን አይበቃም። መቼ፣ በምን ምክንያት ልብህ እንደተለወጠ በራስህ ቃል መጻፍ አለብህ። ከሌላ የተገለበጠ ማመልከቻ በቃለ መጠይቁ ይታወቃል።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ብወጣ ዜግነቴስ?

ይኼን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ትንሽ ነው። ሁሉም ቢጠይቀው ደስ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጀምሮ በንቁ አገልግሎት በክብር ያገለገለ ሰው ግሪን ካርድ ያለው ሌላ ሰው በአብዛኛው የሚጠብቀውን አምስት ዓመት ሳይጠብቅ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ማመልከቻው ለወታደር ክፍያ የለውም። ኤን 400 ከሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ ጋር ኤን 426 የሚባል አለ፤ ጦሩ "ይህ ሰው በክብር አገልግሏል" ብሎ የሚያረጋግጥበት ነው።

አሁን ልብ በሉ። በውትድርና በኩል ለዜግነት የሚቆጠረው "በክብር" ወይም ከእሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው "ጄኔራል" የሚል ስንብት ነው። ያልተመደበ ወረቀት ይዞ የወጣ ሠልጣኝ ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። በዚህ መንገድ ዜጋ የሆነ ሰው ደግሞ በጠቅላላው አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል በመጥፎ ወረቀት ቢሰናበት ዜግነቱ ሊሻርበት ይችላል። "ፓስፖርቴን ይዣለሁ፣ ከዚህ በኋላ ምን ያመጣሉ?" የሚሉ ልጆች ይኼን አያውቁም። በጦርነት ጊዜ ከድቶ በጦር ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰውማ ዜግነት ለዘለቄታው ይከለከላል።

በሃርድሺፕ ወይም በሕመም በክብር የተሰናበተ ሰው ይኼ ሁሉ አይነካውም። የሚነካው ወረቀቱ የተበላሸበትን ነው።

ዝም ብዬ ብጠፋስ?

እባክህ አታድርገው።

ያለ ፈቃድ መቅረት "ኤዎል" ነው። 30 ቀን ሲሞላ እንደ ከዳተኛ ትመዘገባለህ፣ የፌዴራል የእስር ትዕዛዝ ይወጣብሃል። ማንም ቤትህ መጥቶ ላያንኳኳ ይችላል። ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የመኪናህ የኋላ መብራት ተቃጥሎ ፖሊስ ሲያስቆምህ ስምህ ይወጣል። ወይም እህትህን ድረህ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ደላስ ኤርፖርት ፓስፖርት የምታሳይበት መስኮት ላይ ትቆማለህ።

አንድ ልጅ ከኤርፖርት ደወለልኝ። እረፍቱን ጨርሶ ወደ ቴክሳስ የሚመለስበት ቀን ነው። "ልቅር?" አለኝ። ከኋላው በረራው ሲጠራ ይሰማኛል። ብዙ አልመከርኩትም። "ዛሬ ተመለስ፤ ነገ ጠዋት ጠበቃ ቢሮ ሂድ፤ ማታ ደውልልኝ" ነው ያልኩት። ዝም አለ። ከዚያ የሻንጣው ጎማ ድምፅ ሰማሁ። እየሄደ ነበር። ከሰባት ወር በኋላ በሃርድሺፕ በክብር ወጣ። አሁን ትራክ ይነዳል።

ጠፍተህ ከሆነም አልዘገየም። በራሱ ፈቃድ የተመለሰና የተያዘ ሰው እኩል አይታይም። በተለይ 30 ቀን ካልሞላህ። ግን ከመመለስህ በፊት ምክር ጠይቅ።

ቦነስ ወስጃለሁ። ይመለሳል?

ኮንትራትህን ሳትጨርስ ከወጣህ ያላገለገልክበትን ክፍል ሊያስመልሱህ ይችላሉ። የስንብቱ ምክንያት ለውጥ ያመጣል። ገንዘቡን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ ያዋለው ሰው ይኼን ሒሳብ አስቀድሞ ይሥራ።

"መጥፎ የስንብት ወረቀት በስድስት ወር በራሱ ይስተካከላል" ይላሉ። እውነት ነው?

ውሸት ነው። በራሱ የሚስተካከል ወረቀት የለም።

የስንብት ወረቀቶቹ ከላይ ወደ ታች "በክብር"፣ "ጄኔራል"፣ "ከክብር ውጪ" እያሉ ይወርዳሉ። ከዚያ በታች ያሉት ሁለቱ በጦር ፍርድ ቤት ብቻ የሚሰጡ ናቸው። ጂ አይ ቢል የሚባለው የኮሌጅ ገንዘብ "በክብር" የሚለውን ይፈልጋል፤ "ጄኔራል" አይበቃውም። ሙሉውን ለማግኘትም በአብዛኛው 36 ወር ንቁ አገልግሎት ያስፈልጋል። 34ኛ ወርህ ላይ ሆነህ እያማረርክ ከሆነ ሁለት ወር ጥርስህን ንከስ።

ማስተካከል የሚፈልግ ሰው ለገምጋሚ ቦርድ በ15 ዓመት ውስጥ ያመለክታል። ማስረጃ ይዞ ይከራከራል። የሚሳካለት አለ። ግን ከመጀመሪያው አለማበላሸት ይቀላል። አዛዥ "ይኼን ፈርምና ትወጣለህ" ብሎ ወረቀት ሲሰጥህ "መጀመሪያ ጠበቃ ማናገር እፈልጋለሁ" በል። መብትህ ነው።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ሲገባ እኔ ፈርሜለታለሁ። ፊርማዬን ማንሣት እችላለሁ?

እናቴ፣ ልጅዎ ገና ቤት ካለ፣ ማለትም ዴፕ ላይ ከሆነ፣ እሱ ራሱ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት ይችላል። ከላይ ያለውን ደብዳቤ አብራችሁ ጻፉ። ሥልጠና ከገባ በኋላ ግን የእርስዎ ፊርማ ተመልሶ አይነሣም። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ የገባ ልጅ ካለ፣ ወላጅ ከገባበት ቀን ጀምሮ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የሚፈርሙትን እንግሊዝኛ ሳያነቡ የፈረሙ ብዙ ወላጆች አሉ። ልጁ ራሱ ሲተረጉምላቸው፣ ልጁ ደግሞ መሄድ የፈለገ ሲሆን፣ ሁሉንም አይነግራቸውም።

ለማን ልደውል?

ጂ አይ ራይትስ ሆትላይን፣ 877-447-4487። ከጦሩ ውጪ ያሉ አማካሪዎች ናቸው። ነጻ ነው፣ ሚስጥር ይጠብቃሉ። መጀመሪያ እነሱን ነው የምጠቁመው።

በካምፑ ውስጥ ነጻ የጦር ጠበቃ አለ። ክስ ወይም ስንብት ከመጣብህ ተከላካይ ጠበቃዎቹ የአዛዥህ ታዛዥ አይደሉም። ቻፕላን የነገርከውን ለማንም አይናገርም፤ ኦርቶዶክስ ባይሆንም፣ ክርስቲያን ባይሆንም ያነጋግርሃል። የአእምሮ ጤና ምርመራ ደግሞ ለአለቃህ "እፈልጋለሁ" ማለት ብቻ ይበቃል። ምክንያቱን መናገር አይጠበቅብህም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ብራንደን አክት የሚባለው ሕግ ይኼን ይሰጥሃል።

ለአባቴና ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ይኼ ከሁሉም የከበደ ነው። የወላጆቻችን የውትድርና ትዝታ ሌላ ነው። በ1975 ዓ.ም. ደርግ ያወጀውን ብሔራዊ ውትድርና ያስታውሳሉ። አፈሳ ያስታውሳሉ። ልጅ ጣራ ላይ የደበቀ ቤተሰብ አለ። ስለዚህ "መውጣት እፈልጋለሁ" ስትላቸው የሚሰሙት "ልጠፋ ነው" የሚል ነው። ይደነግጣሉ። ወይም ዩኒፎርም ለብሰህ የተነሣኸውን ፎቶ ሳሎን ሰቅለዋል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳያሉ። ከዚያ ፎቶ ፊት ቆሞ "ተውኩት" ማለት ያስፈራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትወጣበትን መንገድ እወቅ። ከዚያ "በሕጋዊ መንገድ፣ በዚህ ምክንያት፣ በዚህ ወረቀት" ብለህ አስረዳቸው። "እወጣለሁ፣ አልታሰርም" የሚለውን ቃል መጀመሪያ ተናገር።

እኔ ያኔ ለእናቴ አልነገርኳትም። እሑድ የሦስት ደቂቃ ስልክ ተሰጠን። ሰልፍ ላይ ቆሜ ምን እንደምላት ስለማመድ ነበር። ስታነሣው "በልተሃል?" አለችኝ። "በልቻለሁ" አልኳት። ስለ እህቴ ትምህርት፣ ስለ ጎረቤቱ ሠርግ ስታወራኝ ደቂቃው አለቀ። ያን ሁሉ የነገርኳት ከስድስት ዓመት በኋላ ቡና ላይ ነው። ስኒውን አስቀመጠች። "ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ" አለች፣ "አባትህን ይዤ እዚያ ድረስ እመጣ ነበር።"